ዲኤክስ እና የጣርማ በር ቁልቁለት

አሮጌ መኪና ሲታይ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?» ነው። እኔ ግን «ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የእኛ ቤት መኪና ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ይህ የኮሮላ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ ሞተሩ 1.3 ሊትር፣ በካርቡራተር የሚሠራ፣ ኃይሉ ለኋላ ጎማ የሚደርስ። አምስት ሰው ትጭናለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን ዕድሜ መስጠት ግድ ሆኗል፤ ዲኤክስ «አሮጌ ናት» ተብላ መናቋ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከጣርማ በር ብርድ ወደ ይፋት ወበቅ ይወረዳል። ታዲያ ብዙው ሰው ነዳጅ የቆጠበ መስሎት ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። እባካችሁ ተዉት! ማርሽ ዜሮ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩት እንደ ያሪስ ያሉ መኪኖች ደግሞ በማርሽ ሲወርዱ እግር ከነዳጅ ፔዳል ከተነሣ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋሉ። በካርቡራተር የሚሠራው የእኔ ሞተር ይተርፈው ይሆናል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ጠብታ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ፍሬን ነው። በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፤ በዜሮ ስትወርዱ የመኪናው፣ የቤተሰቡና የሽንኩርቱ ጆንያ ክብደት በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ ይህን ብዙ ባለመኪና ልብ አይለውም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይሄን ያህል ያስፈልጋል።

መኪናዋን በገዛሁ ዓመት ከደብረ ሲና ቁልቁል ፔዳሉ ለስልሶብኝ ዳር ያዝኩ። የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ውኃ አንሥቼ ወደ ጎማው ስጠጋ የቆመ የጭነት መኪና ረዳት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዳያፈሱበት! ታንቡሩ ይሰነጠቃል። ቁጭ ይበሉ፣ ይብረድ።»

ከደብረ ሲና የገዛነውን ቆሎ አብረን እየቆረጠምን ጠበቅን። «በወጡበት ማርሽ ይውረዱ» አለኝ ሲሰናበተኝ።

ከዚያ ወዲህ ዋሻውን እንዳለፍኩ ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲላላ ሦስተኛ አስገባለሁ። ኋላዬ ያለው ጥሩንባ ይንፋ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ልጆቹ ወደ ፓፓያ ሻጮቹ ይሮጣሉ፤ እኔ ጎማ ጎማውን እየዞርኩ አሸታለሁ።