ንዳድን የሚገልጥ ረቂቅ ወርቅ

ከጣርማበር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ ማሽላና ማሾ ወደሚበቅሉበት፣ ሽንኩርትም በመስኖ ወደሚለማበት ወደ ይፋት ቆላ ሲገባ፣ የምድሩን በረከት ከማየቱ ጋር የጥንቱን ጠላት የንዳድን ስም መስማቱ አይቀርም። ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ውኃው በየስፍራው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ይኸውም ገበሬው ጉልበቱን አብዝቶ በሚፈልግበት በአዝመራ ወራት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል።

የዚህን ደዌ ምንነት ለይቶ ማወቅ በማይክሮስኮፕና በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይፈጸም በነበረበት ዘመን፣ ከጤና ጣቢያ ርቆ የሚኖር ሕመምተኛ በትኩሳቱ ብቻ ተገምቶ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ጤና ኬላን ወደ ቀበሌ ካደረሰ ወዲህ ግን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አርዲቲ በሚሉት ፈጣን መመርመሪያ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ብቻ ወባን ይለያሉ፤ ውጤቱም በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ይህች ትንሽ ዕቃ ናኖቴክኖሎጂ የተባለው የረቂቃን ጥበብ ከሕክምና ጋር የተባበረባት መሣሪያ ናት።

ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። በመመርመሪያው ውስጥ ያሉት የወርቅ ቅንጣቶች ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ናኖ ሜትር ስለሆነ፣ በአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ወርድ ላይ ሁለት መቶ ያህሉ ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። ወርቅ በዚህ መጠን ሲረቅ ብጫነቱን ይለቅቃል፤ በገጹ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ጋር አብረው ሲናወጡ አረንጓዴውን ስለሚውጡት ለዓይን የሚቀረው ቀዩ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1857 እ.ኤ.አ. ስለ ቀይ የወርቅ ፈሳሽ ባቀረበው ጥናት፣ የቀለሙ ምክንያት የቅንጣቶቹ መርቀቅ መሆኑን አመልክቶ ነበር።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ደሙና መፍቻው ፈሳሽ በወረቀት መሰል ጥብጣብ ላይ ሲፈስሱ፣ የወባ ተሕዋስያን ወደ ደም የሚለቅቁትን ፕሮቲን የሚያውቅ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) የተለበጠበትን ወርቅ ይዘው ይጓዛሉ። ፕሮቲኑ ካለ ወርቁ ይይዘዋል፤ ከፊት ተተክሎ የሚጠብቀው ሌላ አንቲቦዲም፣ ገበሬ የመስኖ ውኃ በቦዩ አፍ እንደሚገድብ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀራቸዋል፤ የተከማቸውም ወርቅ ቀይ መስመር ሆኖ ይገለጣል። በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዝርያዎች ሁለቱም ስለሚገኙና መድኃኒታቸውም ስለሚለያይ፣ መመርመሪያው ለእያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው። ከእነዚህ በተጨማሪ ያለው የቁጥጥር መስመር ካልታየ ግን ምርመራው ከንቱ ስለሚሆን በሌላ መመርመሪያ ይደገማል።

ዳሩ ግን ተሕዋሱም ጠባዩን ይለውጣል። ፋልሲፓረም በብዙ መመርመሪያዎች የሚታወቅበት ኤችአርፒ2 የተባለው ፕሮቲን ጂኑ ከጠፋ፣ በሽታው በሰውየው ውስጥ እያለ መስመሩ ላይታይ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ተሕዋስ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገ ጥናት መገኘቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ደግሞም ይኸው ፕሮቲን ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ያለፈውን ሕመም እንዳለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ያልበረደለትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ደሙን በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ዛሬም ግድ ነው።

የረቂቃን ጥበብ ከመመርመር አልፎ መድኃኒት እስከ ማድረስም ይዘልቃል። ወደ መተማና ሑመራ ለቀን ሥራ የሚወርዱትን ወገኖች የሚያጠቃውን ካላዛር የተባለ በሽታ ለማከም የሚሰጠው አምቢዞም፣ አምፎተሪሲን ቢ የተባለውን ብርቱ መድኃኒት ከ100 ናኖ ሜትር በሚያንሱ የስብ ከረጢቶች ጠቅልሎ ስለሚያደርሰው፣ በኩላሊት ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ይቀንሳል።

እንግዲህ የዚህ ጥበብ ክብር በመርቀቁ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በይፋት ቆላ ያለች እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ ጤና ኬላ ስትደርስ፣ መመርመሪያው ሳይጎድል፣ የምታነብበውም ሠራተኛ ሠልጥና፣ ተገቢው መድኃኒት በዚያው ቀን ሲሰጥ ነው ዕውቀቱ ፍጻሜውን የሚያገኝ። በየጊዜው የሚለወጠውንም ተሕዋስ በራሳቸው ላቦራቶሪ የሚከታተሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ማብዛት፣ መመርመሪያውን ከመግዛት የማያንስ ግዴታችን ነው።