ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለን?

በጅቡቲ ከተማ ያሉ ተማሪዎቻችን በኮምፒዩተር የሚጫወቱት የጠፈር ጨዋታ ለሥነ ሕይወት ትምህርት ይጠቅማል ወይስ ያሳስታል? «ኤሊት ዴንጀረስ» የተባለውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ክፍል ተጫዋቹ ስስ አየር ባላቸው ፕላኔቶች ላይ እያረፈ የባዕድ ዓለም ሕያዋንን ይፈልጋል። የሚያገኘውን ዝርያ የሚወስኑት የፕላኔቱ አየር፣ ሙቀትና ስበት ናቸው። ለአንድ ዝርያም ተራርቀው ከሚገኙ ሦስት ናሙና መውሰድ ግዴታው ነው፤ ይህን እንወድለታለን።

ጉድለቱ ሌላ ነው። በጨዋታው መንኮራኩሯ ገና ከላይ ሆና ሕይወት መኖሩን ትነግረናለች። በተፈጥሮ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህን ለማየትም ሩቅ አንሄድም።

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለና ከባሕር ውሃ 10 እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። (በኢትዮጵያ በኩል ካለው ከአሳሌ ሐይቅ ጋር ተማሪዎች ስለሚያምታቱት በካርታ ለይቶ ማሳየት ይበጃል።) በአሳሌ ውሃ ውስጥ ጨው ወዳድ ጥቃቅን ሕዋሳት ይኖራሉ። ጨው ብቻውን ሕይወትን አያጠፋም ማለት ነው።

በአቅራቢያው ባለው በዳሎል ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ጨው፣ ኃይለኛ አሲድና ሙቀት በአንድ ኩሬ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ ኩሬዎችና ማግኒዚየም በበዛባቸው ውሃዎች ውስጥ ሕይወት አላገኙም። በዚያው ዓመት የፌሊፔ ጎሜዝ ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ማግኘቱን ገልጾ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሊካ ያለባቸው የማዕድን ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ ይመስላሉ።

ምክንያቱን እንመልከት። ጨው ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ሕዋሱም ይህን ለመቋቋም በውስጡ ሌሎች ሙሙ ነገሮችን ያከማቻል። አሲድን ለመቋቋም ደግሞ የሃይድሮጅን አዮኖችን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ሁለቱም ኃይል ይጠይቃሉ፤ በአንድነት ሲመጡ ሸክሙ ይከብዳል። የማግኒዚየም ክሎራይድ ብዛት ደግሞ የሕዋሱን ትላልቅ ሞለኪውሎች ቅርጽ ያፈርሳል።

ነገሩ ለማርስም ይሠራል። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2008 በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አግኝታለች፤ የማርስ የአየር ግፊትም ከምድር ግፊት 1 በመቶ አይሞላም። እዚያ ፈሳሽ ውሃ ቢገኝ እጅግ ጨዋማ መሆኑ አይቀርም።

ለክፍል ሥራ እኩል የተቆረጡ ሦስት የድንች ቁራጮችን መዝኖ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ አንዱን በባሕር ውሃ፣ አንዱን ጨው እስኪበቃው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ማሳደር ይቻላል። በማግሥቱ እንደገና ይመዘኑ።