መርፌዋን ማን ነው የሚያመላልሳት?

በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ ለማሳጠር ስትሄዱ፣ እባካችሁ ሱሪውን ተዉትና መኪናዋን እዩልኝ።

እግሩ ፔዳሉን በጣትና በተረከዝ እያፈራረቀ ይረግጣል። ከፔዳሉ የተነሳ ቀጭን ዘንግ ወደ ትልቁ መዘውር ይወጣና ከመሃሉ ፈቀቅ ብሎ ይያያዛል። ምስጢሩ ያለው እዚህች «ፈቀቅ» ላይ ነው! የእግሩ ምልልስ መዘውሩን ያዞረዋል፤ ቺንጋው ዙሩን ወደ ላይ ያደርሰዋል፤ በመኪናዋ ክንድ ውስጥ የተጋደመው ዘንግም ይሽከረከራል። ጫፉ ላይ ያው ብልሃት በግልባጩ ይሠራል። ከመሃል ፈቀቅ ብላ የተተከለች ፒን ትዞራለች፤ መርፌ ያዡ ግን ከመውጣትና ከመውረድ በቀር መሄጃ የለውም። ፒኗ ወደ ጎን ስትሄድ በመካከል ያለችው አጭር ዘንግ ዘመም እያለች ትችላታለች። ፒኗ ከመሃል 1.5 ሳንቲ ሜትር ብትርቅ መርፌው 3 ሳንቲ ሜትር ይመላለሳል፤ እጥፍ ማለት ነው።

ብልሃቷ አሮጌ ናት። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ሂየራፖሊስ፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በተቀረጸ ድንጋይ ላይ የውሃ መንኮራኩር መጋዝ ሲያመላልስ ይታያል። በ1780 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፒካርድ በእንፋሎት ሞተር ላይ የመጠቀም መብቷን እንግሊዝ አገር በስሙ አስመዘገበ፤ ጄምስ ዋትም ያንን መብት ላለመንካት በዓመቱ በምትኩ ባለ ጥርስ ማሽከርከሪያ ይዞ መጣ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የመርፌው ፍጥነት ነው። መርፌው መሃል ላይ ይፈጥናል፤ ጫፍ ሲደርስ ቀዝቀዝ ብሎ ለቅጽበት ይቆምና ይመለሳል። ከታች ተነስቶ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወጣ ጨርቁ ክሩን ስለሚይዘው ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይፈጠራል። ከሥር ያለው መንጠቆ ያንን ቀለበት ቀልቦ በታችኛው ክር ዙሪያ ያሳልፈዋል። ስፌት የሚባለው ይኸው ነው።

ሰፊው ሲጀምር መዘውሩን በእጁ ገፋ ያደርጋል፤ አያችሁት? የፔዳሉ ዘንግ፣ ከመዘውሩ ጋር የተያያዘበት ነጥብና የመዘውሩ መሃል በአንድ መስመር ከተሰለፉ እግር ቢረግጥም መዘውሩ አይዞርም፤ ግፊቱ በቀጥታ መሃሉ ላይ ያርፋል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመዘውሩ ክብደት ራሱ ያሻግረዋል።

በመጨረሻ ከመርፌው በላይ የምትወዛወዘውን ክር ሳቢ ክንድ እዩ። ክር የምትለቀው በዝግታ፣ የምትስበው በችኮላ መሆን አለበት፤ ተራ ፒን ይህን አይሰጥም። ስለዚህ በድሮዎቹ የሲንጀር ስፌት መኪናዎች በክንዱ ውስጥ ባለው ዘንግ ላይ ጠማማ ቦይ የተቀረጸበት ሲሊንደር ገብቷል። የክንዷ እግር በቦዩ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ቦዩ ቀስ ብሎ ሲጣመም ቀስ ብሎ፣ ድንገት ሲጣመም ድንገት ይንቀሳቀሳል።