በበሰበሰ ግንድ ላይ የሚታየው ዝልግልግ ፍጥረት ምንድን ነው?

በጂንካና በገዘር ዙሪያ ባለው የአሪ ከፍታማ ምድር ዝናብ ሲደጋገም፣ ወድቆ በበሰበሰ ግንድ ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ነጭ ዝልግልግ ነገር ሊታይ ይችላል። ትናንት ከነበረበት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ይህን ያየ ምእመን መተት ወይም የዛፍ በሽታ ቢመስለው አያስደንቅም፤ ነገር ግን ሁለቱንም አይደለም።

የተፈጥሮ ተመራማሪዎች እነዚህን ፍጥረታት ሚክሶማይሲት ይሏቸዋል፤ እኛ ዝልግልግ ሻጋታ ብለን እንጠራቸዋለን። ሻጋታ ይባሉ እንጂ ዕፀዋትም፣ እንስሳትም፣ እንጉዳይም አይደሉም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሊቅ አንቶን ደ ባሪ ከእንጉዳይ ወገን ለይቶ አሳይቷቸዋል። ዛሬ 1,000 ያህል ዝርያዎቻቸው ይታወቃሉ።

በግንድ ላይ ተንጣልሎ የምናየው አካል አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን እጅግ ብዙ አስኳሎች አሉት። ፈሳሹ በደም ሥር መሰል መስመሮች ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አካሉን ቀስ በቀስ ያንቀሳቅሰዋል። ምግቡ በብስባሽ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን የእንጉዳይ ዘሮች ናቸው። ወቅቱ ሲደርስ ዱቄት መሰል ዘር አፍርቶ በነፋስ ይበተናል። ቆሞ ያለን ዛፍ አያሳምምም፤ ሆኖም አስም ያለበት ሰው ዱቄቱን ባይተነፍስ ይመረጣል።

አንጎል የሌለው ይህ ፍጥረት የሚያደርገው ያስደምማል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ በተጠላለፈ መንገድ ውስጥ አኑረውት በሁለቱ ጫፎች ምግብ ቢያስቀምጡ፣ አጭሩን መንገድ ለይቶ ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ አጃ ሲደረደርለት፣ ከከተማዪቱ የባቡር መስመር ጋር የሚነጻጸር መረብ ሠራ። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 የፈጣሪን ሥራ ብዛትና ጥበብ ሲያደንቅ፣ ታናናሾቹን ፍጥረታት አልዘነጋም።

ይህ ነገር አጸዳችንን ይመለከታል። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ይገኛሉ፤ እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ተመራማሪዎች ስለ ደኖቹ አጥንተዋል፤ በአንዳንዶቹም ከብት እንዳይገባ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። አጥሩ ችግኙን ከከብት ይጠብቃል፤ የወደቀውን ግንድ ግን ከእኛ ከራሳችን አይጠብቀውም። አጸዱን ለማሳመር ብለን የወደቀውን ሁሉ ጠርገን ብናቃጥል፣ የአፈሩን ምግብ አብረን እናቃጥላለን። የሚበሰብስ ግንድ እርጥበት ይይዛል፣ ለነፍሳት መጠለያ ይሆናል፣ ለሚበቅለው ችግኝም አፈር ያዘጋጃል። ዝልግልግ ሻጋታ በዚያ መታየቱ ይህ ሥራ እየተከናወነ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ለዝክርና ለበዓል ማገዶ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። በመተላለፊያ ላይ የወደቀውና ለሰው የሚያሰጋው ይነሣ፤ በደኑ ውስጥ ከወደቀው ግን ጥቂቱ በቦታው ይቅር። ሰበካ ጉባኤና ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን አስቀድመው ቢመክሩበት፣ ካህኑ በአጸዱ ጥላ ሥር ለሚያስተምራቸው ልጆች ነገም ጥላ ይኖራቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።