እውነት ወይስ ተረት? ቆቦ ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ ደንብ የሚወራው

ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቆቦ ልጅ ሐሙስ ማታ «ቤት ደርሼ ልምጣ» ማለት አይከብደውም። በኅዳር ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ግን ያቺ «ደርሼ ልምጣ» ሁለት ሳምንት ትሆናለች፤ ሁለት ሳምንቱ ደግሞ ሳይታሰብ ሴሚስተሩን ይዞ ይሄዳል። ጅማ ወይም አርባ ምንጭ የተመደበው ልጅ ደግሞ ከቤት አንዴ ከመጣ መመለሻው ሩቅ ነው። በዚህ መሐል ምክር የሚለግሰው ሬጅስትራሩ ሳይሆን ሰፈሩ ነው፤ አንዱ «በቃ ተባረሃል» ይለዋል፣ ሌላው «ምንም አይሉህም፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ» ይለዋል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። በራያ ቆላ ቤቶች በብዛት የሚሰሙትን ወሬዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ዲግሪ ሦስት ዓመት ነው፤ አራተኛውን የጨመሩት ተማሪውን ለማቆየት ነው»

እውነት፦ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ የአንድ ዘመን ሥርዓት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ ሲያደርግ የፍሬሽማን ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ፤ ከ1996 ገደማ ጀምሮም ብዙዎቹ ዲግሪዎች በሦስት ዓመት ያልቁ ጀመር። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ አራት ዓመት ነው። እንዲያውም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጥ ይገደድ ስለነበር አራት ዓመቱ አምስት ይሆን ነበር። ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው በ2012 ነው። ዛሬ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት፣ ምህንድስናና ሕግ አምስት ዓመት ይወስዳሉ፤ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል።

ከ2015 ጀምሮ የመጣው ሪሚዲያል ግን ከዚህ ጋር አይደመርም። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ከቀሩት መሐል ለተመረጡት የተከፈተ የማካካሻ በር ነው። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በሪሚዲያል ያለፈ ልጅ አራት ዓመቱን የሚቆጥረው ከፍሬሽማን ጀምሮ ነው፤ ቤተሰብም ወጪውን ሲያስብ በዚሁ ልክ ያስብ።

ተረት 2፦ «ትምህርት ካቋረጥክ ምድብህ ተቃጠለ»

እውነት፦ የሚያቃጥለው ማቋረጡ ሳይሆን ሳይናገሩ መጥፋቱ ነው። የዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግ «ዊዝድሮው» ለሚባለው በይፋ የማቋረጥ መንገድ ቦታ አለው። የታመመ ልጅ የሐኪም ማስረጃ ይዞ፣ የቤተሰብ ችግር የገጠመው ችግሩን ጽፎ ያመለክታል፤ ሬጅስትራር ቅጹን ይሰጠዋል። ቅጹ ፊርማ ይፈልጋል፦ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ፍራሽና ቁልፍ የሚረከበው ፕሮክተር፣ ካፌው። መታወቂያና የምግብ ካርድ ይመለሳሉ። ይህ ክሊራንስ የሚባለው መንከራተት አሰልቺ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቢሮ ቢሮ ያዞራል፤ ፈራሚው ለስብሰባ ከወጣ ደግሞ ነገ ተመለስ ነው። የብዙ ልጆች ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው። ፊርማውን ጨርሶ ኮፒውን ኪሱ ያስገባ ልጅ ለመመለስ ሲያመለክት የሚያሳየው አለው። ሳይፈርም የወጣው በክፍል መዝገብ ላይ ቀሪ፣ በፈተና ላይ ያልተፈተነ ሆኖ ይገኛል፤ ስሙ ፊት የሚጻፈውም ኤፍ ሊሆን ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ተረት 3፦ «ለአንድ ሴሚስተር ብወጣ የሚቀርብኝ አንድ ሴሚስተር ነው»

እውነት፦ አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር መሐል የወጣ ተማሪ ሪአድሚሽን (የመመለሻ ፈቃድ) አግኝቶ የሚገባው የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሴሚስተር ሲመጣ ነው፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ቢመለስ ያቋረጠውን ኮርስ አያገኝም። ስለዚህ ለአጨዳው ብሎ ከወጣ ለአጨዳው የከፈለው ዓመት ነው። ሪአድሚሽንም በራሱ ጊዜ ይጠየቃል፤ ማመልከቻው ከምዝገባው ቀን በፊት መግባት አለበት፣ መልሱም ቦታ መኖሩን ያያል። በዚያ መሐል ካሪኩለም ቢቀየር ደግሞ የተመለሰው ልጅ አዲስ ኮርስ ሊጨመርበት ይችላል። ለመውጣት ከመፈረም በፊት «የምመለሰው መቼ ነው? በየትኛው ባች?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ተረት 4፦ «ጦርነቱ የበላው ጊዜ በተማሪው ላይ ይቆጠራል»

እውነት፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሲዘጋ የሚንቀሳቀሰው የትምህርት ካላንደሩ ነው፤ ተማሪው ዊዝድሮው መሙላት አይጠበቅበትም። የእኛ አካባቢ ልጆች ይህን ደጋግመው አይተውታል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ሁሉም ወደ ቤቱ ተላከ። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆቦና ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ሲቆዩ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። በነሐሴ 2014 ቆቦ እንደገና ተያዘች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ የሚጠሩበት ቀን ራቀ። አገሩ ለዚህ አዲስ አይደለም፦ በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ገጠር ዘምቷል።

ሁለተኛው ነገር ጥሪው ነው። ዩኒቨርሲቲው ካላንደሩን አስተካክሎ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተመዝገቡ» ካለበት ሰዓት ጀምሮ መቅረት የተማሪው መቅረት ነው። መንገድ ቢዘጋም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ዝም ማለት አይበጅም፤ ስልክ የሚሠራበት ከተማ ላለ ዘመድ ወይም ለክፍል ተጠሪ ነግሮ በስሙ ማመልከቻ እንዲገባለት ማድረግ ይቻላል። ከመዘጋት በኋላ የሚከፈት ሴሚስተር ደግሞ የተጨመቀ ነው፤ አንድ ሳምንት የዘገየ ልጅ የሚያመልጠው ከወትሮው የበዛ ትምህርት ነው።

ተረት 5፦ «ጎበዝ ከሆንክ ኮርስ ደራርበህ በሁለት ዓመት ተኩል ትወጣለህ»

እውነት፦ ሎድ፣ ማለትም በአንድ ሴሚስተር የሚወሰደው የኮርስ መጠን፣ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ መውሰድ የሚቻለው በፈቃድ ነው፣ የሚፈቀደውም አብዛኛውን ጊዜ ለምረቃ ለተቃረበ ተማሪ ነው። ቀዳሚ ኮርስ ያለው ትምህርት ቀዳሚው ሳይታለፍ አይወሰድም።

ከዚያ በላይ ግን ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም። ከአውሮፓ የተወሰደውና በሞጁላር ሥርዓቱ ከ2005 ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የገባው ኢሲቲኤስ የሚባል የነጥብ አቆጣጠር አንዱን ነጥብ በ27 የተማሪ የሥራ ሰዓት ይቆጥረዋል፤ ክፍል መቀመጡም፣ ማንበቡም፣ አሳይመንቱም ተደምሮ። በሴሚስተር 30 ነጥብ ማለት 810 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት በላይ ይመጣል። በክሬዲት አወርም ቢሆን አያመልጥም፦ ፍሬሽማን ላይ እንደ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ እንግሊዝኛና ጂኦግራፊ ያሉት እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው፤ አምስቱ ብቻ በሳምንት 15 የክፍል ሰዓት ይወስዳሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቢነበብ 45 ይሞላል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አባት ልጁ ቅዳሜና እሑድ መጥቶ እንዲያግዘው ሲጠይቅ ይህን ቁጥር ማወቁ ይጠቅመዋል። ልጁ ሥራ ፈትቶ አይደለም የሚቀመጠው።

ሎድን መቀነስም ይቻላል። ኮርስ መጣያ ጊዜ አለ፤ ድሮፕ የሚደረገው ሴሚስተሩ ሲጀመር በተቆረጠው ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ኮርሱን መተው ድሮፕ አይባልም።

ተረት 6፦ «ኮርሱን ከጨረስክ ዲግሪው ያንተ ነው»

እውነት፦ ለምረቃ ኤፍ የሌለበት ውጤትና ቢያንስ 2.00 ጂፒኤ ያስፈልጋል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ያላለፈ እንደገና መፈተን ይችላል። የመጀመሪያው ዙር በሐምሌ 2015 ሲሰጥ ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኮርስ ደራርቦ ለመውጣት የተቻኮለን ልጅ የሚጠብቀው ይህ ነው። ወጪ መጋራትም አለ፦ ተማሪው በቆየባቸው ዓመታት ልክ ይመዘገባል፣ የተደገመ ዓመትም ይጨመርበታል።

እነዚህን ደንቦች የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ብቻ አይደለም። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች በሴኔታቸው የሚያጸድቁት የውስጥ ሕግ አላቸው፤ ስለዚህ የወልድያው ከወሎው፣ የጅማውም ከሁለቱ በዝርዝር ሊለይ ይችላል። የጎረቤት ልጅ ሌላ ግቢ ያገኘው መልስ ለእርስዎ ልጅ መልስ አይሆንም። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ቤት ሲገባ «ለምን መጣህ?» ከማለት በፊት «ፈርመህ ነው የመጣኸው?» ይበሉት። ካልፈረመ የመጀመሪያውን መኪና ይዞ ይመለስና ይፈርም፤ ማሽላውን ጎረቤት በደቦ ያግዛል።