ተጨማሪ መረጃ፦ ውጅግራ ለምን በውኃ ይታጠባል?

በጥር 1888 ዓ.ም. መቐለ እንዳየሱስ ላይ የጣሊያንን ምሽግ የከበበው የኢትዮጵያ ጦር ከታጠቃቸው ጠመንጃዎች አንዱ በጥቁር ባሩድ የሚተኩሰው የፈረንሳዩ ውጅግራ ነበር። ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ የቀረው ከሰልና ድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ እንደ ፖታሲየም ካርቦኔት ያሉ ጨዎች ሆኖ ከፊሉ በአፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበም ብረቱን ያዝጋል። ይህን ለማጽዳት ዘይት ብቻውን አይበቃም፣ ጨው በዘይት አይሟሟምና። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ ከተረጋገጠ በኋላ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ፈጽሞ እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ዘይቱ የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው። በቤታችሁ ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ካለ ባለሙያ ሳያየው አትንኩት።