«ኤክስፓየር» ማለት ስንት ነገር ነው?

የእንግሊዝኛ ትምህርት ያልተማረ ሰው እንኳ «ይህ መድኃኒት ኤክስፓየር አድርጓል»፤ «ፓስፖርቴ ኤክስፓየር ሊያደርግ ነው» ሲል በየዕለቱ ይሰማል። ቃሉ ይህን ያህል ወደ አነጋገራችን ከገባ ዘንዳ ከወዴት እንደ መጣና ምን ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቁ ይጠቅማል። በተለይም በመድኃኒት ሣጥን ላይ ሲገኝ በትክክል አለመረዳቱ ጤናን ሊጎዳ ስለሚችል፤ ዛሬ ስለዚሁ ቃል ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንነጋገር ወደናል።

የቃሉ ትውልድ ከላቲን ቋንቋ ነው። በላቲን «ስፒራሬ» መተንፈስ ማለት ሲሆን፤ «ኤክስ» ደግሞ «ወደ ውጭ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ትንፋሽን ማስወጣት ይሆናል። ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ሌሎች ቅርንጫፎችም አሉ። «ኢንስፓየር» በጥሬው ወደ ውስጥ መተንፈስ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ግን መንፈስን ለማነቃቃት ነው። «ኮንስፓየር» አብሮ መተንፈስ ማለት ሆኖ ሳለ ለማደም ይነገራል። «ፐርስፓየር» ደግሞ ማላብ ነው።

እንግዲህ «ኤክስፓየር» የመጀመሪያ ትርጉሙን እንደ ያዘ የሚገኘው በሐኪሞች ዘንድ ነው። ጤናማ ሰው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ወደ ውስጥ ከሚስበው አየር ከመቶው 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ሲሆን፤ በሚያስወጣው አየር ውስጥ ግን ወደ 16 እጅ ይወርዳል። ይህን አየር የማስወጣቱን ሥራ ሐኪሞቹ «ኤክስፓየር» ይሉታል።

ሁለተኛው ትርጉም መሞት ነው። የመጨረሻውን ትንፋሽ ያወጣ ሰው መልሶ አይስብምና። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የሆስፒታል መዝገብ ላይ «ሕመምተኛው ኤክስፓየር አደረገ» የሚል ቃል ቢገኝ፤ አየር አስወጣ ማለት ሳይሆን ዐረፈ ማለት ነው።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር ሊመስለን አይገባም። ነፍስ፤ ነፋስ፤ መንፈስና እስትንፋስ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እኛም ስለ ሟች «ነፍሱ ወጣች» እንላለን። ጎማው ተነፈሰ ስንል አየሩ አለቀ ማለታችን ነው፤ «ይህን ነገር እንዳትተነፍስ» ስንል ግን ምሥጢር ጠብቅ ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጉሙን የሚለየው የገባበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው የሕግና የጽሕፈት ቤት ትርጉም ነው። አንድ ፈቃድ፤ ውል ወይም ሹመት የተወሰነለት ጊዜ ሲፈጸም ልክ እንደ ሰው «እስትንፋሱ ወጣ» ይባላል። በ1787 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፤ ፕሬዚዳንቱ ሴኔቱ ባልተሰበሰበበት ጊዜ የሚሰጣቸው ሹመቶች በሚቀጥለው ጉባኤ መጨረሻ ላይ እንዲያበቁ ሲደነግግ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው።

አራተኛው በመድኃኒት ሣጥን ላይ የሚታየው ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ ቀን በመድኃኒት ላይ እንዲጻፍ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ደንግጓል። ትርጉሙም፤ መድኃኒቱ እንደ ታዘዘው ከሙቀትና ከርጥበት ተጠብቆ ከተቀመጠ እስከዚህ ቀን ድረስ ሙሉ ኃይሉን እንደ ያዘ ይቆያል ብሎ ሠሪው ዋስ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዋስ የለውም። ኢንሱሊንና በውሃ የተበጠበጠ የሕፃናት መድኃኒት ቶሎ ከሚደክሙት ውስጥ ናቸው። ኃይሉ የደከመ መድኃኒት ደግሞ በሽታውን ሳያድን ሕመምተኛውን «ታክሜአለሁ» አሰኝቶ ያዘናጋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በሣጥኑ ላይ ያለው ቀን የተጻፈው በአብዛኛው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። ስለዚህ 08 የሚለው ቍጥር የኛን ስምንተኛ ወር ሚያዝያን ሳይሆን ኦገስትን ያመለክታል፤ ይህም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። የዓመቱ ልዩነት ከዚህ ይብሳል። የኛ 2018 ዓ.ም. የገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2025 ነው። እንግዲህ ጊዜው በ2018 ያልፋል የሚል ሣጥን በእጁ የያዘ ሰው ቍጥሩን በኛ አቈጣጠር ቢያነበው፤ ኃይሉ ካለቀ ሰባት ዓመት ያህል የሆነውን መድኃኒት ገና ደኅና ነው ብሎ ለልጁ ሊያጠጣ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት የሚገዛ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቀኑን ይመልከት። የተሠራበትንና የሚያልፍበትን ቀን ለይቶ ይጠይቅ፤ ባለመድኃኒቱም በኛ አቈጣጠር መቼ እንደሚሆን እንዲነግረው ያድርግ። በቤትም የቆየውን ሣጥን አልፎ አልፎ መፈተሽ ይገባል። ቀኑ ያለፈበትን ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አርቆ፤ እንዴት እንደሚወገድ ባለሙያ መጠየቅ የቤተ ሰብ ሁሉ ተግባር ነው።